ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ ልጅ ሲቃዥ፦ ወላጅ ማወቅ ያለበት

ከስደት ወደ ሦስተኛ ሀገር ለተሻገሩ ቤተሰቦች በሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። አንድ የ7 ዓመት ልጅ የስቴም ሴል (የመቅኔ) ንቅለ ተከላ ከተደረገለት ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነበር። ነርሷ «ዛሬ ጸጥ ብሏል፣ ጥሩ ነው» አለች። እናቱ ግን «ኧረ እኔን ራሱ አላወቀኝም፤ ግድግዳው ላይ ጉንዳን አለ ይለኛል» አለችኝ። ይህን ስተረጉም ነው ሐኪሞቹ ፈጥነው የመጡት።

ሕመሙ ዴሊሪየም ይባላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚከሰት የአእምሮ መዛባት ነው። እብደት አይደለም፤ የወላጅም ጥፋት አይደለም። ጠዋት ደህና የነበረ ልጅ ማታ ሊብስበት ይችላል።

ምልክቶቹ
አንዳንዱ ልጅ ይቁነጠነጣል፣ ይጮኻል፣ የተሰካለትን ቱቦ ይነቅላል። ሌላው ዝም ብሎ ይፈዛል፣ ዓይን አያይም፣ ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም። ዝምተኛው ዓይነት «ደክሞት ነው» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

መነሻው
ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይደለም። ኢንፌክሽንና ትኩሳት፣ የኦክስጅን ማነስ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት መታወክ፣ እንቅልፍ ማጣት ይገኙበታል። እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንደ ሚዳዞላም ያሉ ማረጋጊያዎች፣ ስቴሮይድ፣ እንዲሁም አዲሱ መቅኔ ከሰውነት ጋር እንዳይጣላ የሚሰጡት ሳይክሎስፖሪንና ታክሮሊመስም ሊያመጡት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ መነሻውን ፈልገው ያክማሉ። መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጥም።

እንዴት ይለያል?
ብዙ የሕፃናት ሆስፒታሎች 8 ጥያቄዎች ባሉት የኮርኔል መመዘኛ ይጠቀማሉ፤ ውጤቱ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዴሊሪየም ይጠረጠራል። ሆኖም በአማርኛ የሚቃዥን ልጅ ቋንቋውን የማትሰማ ነርስ በምን ታውቀዋለች? የልጁን ጠባይ የሚያውቀው ወላጅ ነው።

ወላጅ ምን ያድርግ?
• «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» ብላችሁ ወዲያው ተናገሩ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጅ ለልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።
• ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ማታ መብራትና ድምፅ ይቀነስ።
• ስሙን እየጠራችሁ የት እንዳለ ደጋግማችሁ በለሆሳስ ንገሩት። መነጽር ካለው አድርጉለት።
• የሚያየውን ነገር አትከራከሩት፤ «አይዞህ፣ እኔ አለሁ» በቂ ነው።
• የሚጥል በሽታ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የእይታ መደብዘዝ ከመጣ አስቸኳይ ነው።

ያ ልጅ ኢንፌክሽን ተገኝቶበት ታከመ። ከቀናት በኋላ «እማ፣ ራበኝ» አለ። እሱን መተርጎም አላስፈለገኝም፤ ነርሷም ከእናቱ ፊት አነበበችው።