የአርበኛው ጋሻ መሬትና የአርሲ ጭሰኛ

ለአገሩ የደማ ሰው ዋጋውን ከማን ኪስ ይቀበላል? የአርበኞችን መብት ታሪክ ስናነሣ ይህን ካልጠየቅን ግማሹን ትተነዋል ማለት ነው።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ተራው አርበኛ ከጫካ የወጣው ባዶ እጁን ነበር። ከብቱ አልቋል፣ ጎጆው ተቃጥሏል። ሹመቱን ግን ስደተኛው፣ አንዳንዴም ባንዳው ወሰደው እያለ አጉረመረመ። ከቅሬተኞቹ ዋነኛው ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። እኒህ አርበኛ ከእስር ቤት ወደ ፍርድ ወንበር ተመላልሰዋል፤ አፈ ንጉሥ ሆነው ዳኞችን መርተዋል፣ ተመልሰውም ታስረዋል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ሊይዟቸው ከመጡ ፖሊሶች ጋር ሲታኮሱ ሞቱ።

መንግሥት ለቅሬታው የሰጠው መልስ መሬት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ በወጡ ትእዛዞች ለአርበኛ፣ ለስደተኛና ለወታደር መሬት ተፈቀደ። መለኪያው ጋሻ ነው፤ 40 ሄክታር ግድም። ታዲያ ወረቀቱን ወደ መሬት መለወጥ ሌላ ዘመቻ ሆነ። ማመልከቻ፣ ደጅ ጥናት፣ የመሬት ለኪ አበል! ዘመድ ያለው ትልቅ ሰው ቀናው፤ ድሃው አርበኛ በየቢሮው በር አረጀ።

ከታደሉት አገሮች አንዱ አርሲ ነው። እዚያ “የመንግሥት መሬት” የተባለው ባዶ መሬት አልነበረም። ከራስ ዳርጌ ዘመቻ በኋላ፣ በ1870ዎቹ መጨረሻ፣ የአርሲ ኦሮሞ አባቶች መሬታቸውን ተነጥቀዋል። ልጆቻቸው እዚያው ከብት እያረቡ፣ ገብስና ስንዴ እየዘሩ ቀሩ። የአርበኛው ጋሻ ሲለካ እነሱ ጭሰኞች ሆኑ፤ ሲሶ ወይም እኩል ከፋይ።

በ1960 ዓ.ም. ግድም ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ነገር ግን ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው መሬቱን ሲያስወድደው ባለመሬቱ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛውን አስነሣ። የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክለው ረቂቅ ሕግም ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ተቀበረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ከለከለ። የአርበኛው ጋሻም አብሮ ሄደ።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ የአርበኛው ጥያቄ እውነተኛ ነበር። ዕዳው ግን የመንግሥት ነበር፤ ከፋዩ የአርሲ ገበሬ ሆነ። ከአንዱ ድሃ ተነጥቆ ለሌላው የተሰጠ መብት ለሁለቱም አልበረከተም።