ፎቅ ይሠራ ሲባል የሠፈሩ ሰው ምን ማለት ይችላል?

እስቲ የተሁለደሬዋን ሐይቅ ወይም የአምባሰሏን ውጫሌ አስቡ። ግቢና ጓሮ ባላቸው ቤቶች ሠፈር «ፕላኑ ተቀይሯል፤ ከእንግዲህ እዚህ የሚሠራው ፎቅ ነው» ቢባል ነዋሪው ምን ይላል?

በአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቃወመው የቤት ባለቤቱ ነው። «የቤቴ ዋጋ ይወርዳል፤ መንገዱም ይጨናነቃል» ይላል። እኛ አገር ግን ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «እኔስ እዚሁ እቀራለሁ ወይ?» የሚል ነው። ለምን?

መልሱን 1967 ዓ.ም. ላይ እናገኘዋለን። ያን ጊዜ ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የምንለው እኮ ከዚያ የመጣ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ደነገገ። ስለዚህ ቤቱ የግል ቢሆን እንኳ፣ ሰው በቦታው ላይ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ካሳ ከፍሎ ሊያስለቅቀው ይችላል።

አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ አሮጌው ሠፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ያየነውም ይህንኑ ነው። አዲስ ቤት ያገኘ ሰው ቢኖርም፣ ዕድርና ጉርብትና ግን አብሮ ፈረሰ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ነገሩን በመጠኑ ቀየረው። ቦታህን ልቀቅ የተባለ ሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። መልሶ በሚለማ ሠፈር ደግሞ ነባር ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግልም ሆነ ተደራጅተው ራሳቸው ለመገንባት ቅድሚያ አላቸው።

ታዲያ የቀበሌ ቤት ተከራይስ? ቅድሚያው የባለይዞታ ነው፤ እሱ ደግሞ ተከራይ ነው። 1967 ላይ የተጀመረው ጥያቄ ለእሱ ዛሬም አልተዘጋም።