የአሞሌ ዋጋ፦ ከሰቆጣ ገበያ እስከ ኤርታ አሌ አፋፍ

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የዋግ ገዢዎች፣ የዋግሹሞች መናገሻ ናት። የቆመችበት ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈስሶ የተነባበረ የገሞራ አለት ነው፤ ያ እሳት ከበረደ ቆይቷል። ያልበረደው እሳት ያለው ከደጋው በስተምሥራቅ፣ ገደሉን ወርዶ፣ ምድሩ በዳሎል አካባቢ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ በሚዘቅጥበት በአፋር ረባዳ ነው። ሰቆጣ ያንን ምድር ያወቀችው በጨው ነው። ከዚያ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ ወደ ላስታና ከላስታም ወዲያ ወዳሉ አገሮች ሲሻገር ገበያዋ ዋና መተላለፊያ ነበር። ዛሬ ወደዚያው ረባዳ ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው የሚሻው ሌላ ነገር ነው፤ የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራን የሚንተከተክ አለት ከአፋፉ ቆሞ ማየት ይፈልጋል። የሁለቱን መንገደኞች ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። የጨው ንግዱ አደጋውን በግልጽ ተምኖ ለተሸካሚው ይከፍል ነበር። የዛሬው ጉብኝት ግን ዕይታውን እየሸጠ የአደጋውን ሒሳብ ሳይነገራቸው በቀሩ ሰዎች ጫንቃ ላይ ይጥላል።

የጨው ንግድ ዕድሜው ረጅም ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ የአክሱም ንጉሥ ሰዎች ጨው፣ ብረትና በሬ ይዘው ወርቅ ለመለወጥ እንደሚዘምቱ ጽፏል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚወደድ መዝግቧል። ይህ የዋጋ መውጣት የመንገዱን ርዝመት ብቻ የሚናገር አይደለም። አሞሌ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል። ቆራጩ በሚያነድ ሙቀት ጎንበስ ብሎ ይውላል። ግመሉና በቅሎው ውኃ በሌለበት ይጓዛሉ፤ ሽፍታም ያደባል። ስለዚህ ሲራራው ብቻውን አይሄድም ነበር። የአፋር ሰው የምድሩ ባለቤት ነውና ቀረጡን ይቀበላል፣ መንገዱን ይመራል። በእንደርታ በኩል ባልጋዳ የሚባል ሹም ነበር፤ ነጋዴውን በታጣቂ አጅቦ ያወርዳል፣ ያወጣል፣ ለዚህም ግብሩን ያነሣል። ጉዞው ወቅት ነበረው፤ ሙቀቱ ሲበረታና ሜዳው ውኃ ሲተኛበት ይቆማል። እንግዲህ አንድ አሞሌ ሰቆጣ ገበያ ሲደርስ የቆራጩ ላብ፣ የመሪው ዕውቀት፣ የጠባቂው ጦርና የባለመሬቱ ድርሻ ዋጋው ውስጥ ገብተው ነበር። ጨው አስወደዳችሁ ብሎ የሚከራከር ገዢ እንኳ ውድ ያደረገው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ለንግድ ሳይሆን ለማየትና አገር አገኘሁ ለማለት የሚመጣው መንገደኛ የተከተለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ጣሊያናዊው ጁሊዬቲ በ1873 ዓ.ም. ከነተከታዮቹ በአፋር ምድር ተገደለ። የአገሩ ልጅ ጉስታቮ ቢያንኪም ከደጋው ተነሥቶ ወደ አሰብ ሊሻገር ሲሞክር በ1877 ዓ.ም. እዚያው ቀረ። እንግሊዛዊው ኔስቢት በ1920 ዓ.ም. ከአዋሽ ተነሥቶ ረባዳውን ወደ ሰሜን አቋርጦ ጨው ሜዳው ድረስ ሲዘልቅ አብረውት ከነበሩት ኢትዮጵያውያን አገልጋዮች ሦስቱ ተገድለዋል። እሱ በሰላም ወጥቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ ስሙም ገነነ። እነዚህ ሰዎች ጀግንነት አልጎደላቸውም። የጎደላቸው በዚያ ምድር ስምምነት ውስጥ ቦታ ነው። ሲራራው በየዓመቱ የሚመለስ፣ ቀረጥ የሚከፍል፣ ነገ የሚፈለግ ሰው ነው፤ አሳሹ ግን አንድ ጊዜ አልፎ የሚሄድ እንግዳ ነው። ለእሱ ክብር የሆነው አደጋ ጭነቱን ለተሸከመለት ሰው ደመወዝ ብቻ ነበር። የዛሬው የጀብዱ ቱሪዝም የወረሰው ይህንን የአሳሹን መንገድ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእሳተ ገሞራ ተመራማሪው ሐሩን ታዚየፍና ባልደረቦቹ ኤርታ አሌን ማጥናት ከጀመሩ በኋላ የዓለም ዓይን ወደ ተራራው ዞረ። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ የቀለጠ አለት ሐይቅን ለረጅም ጊዜ በአፉ ይዘው ከቆዩት የዓለም ጥቂት ተራሮች አንዱ በመሆኑ ግን ጎብኚው በረከተ። የካቲት 1999 ዓ.ም. ከብሪታንያ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው አምስት አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን አጃቢዎቻቸው ጋር ሐመደላ ላይ፣ በጨው ቆራጮቹ መንደር፣ ተጠለፉ። አውሮፓውያኑ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተለቀቁ፤ አብረዋቸው ከተያዙት ኢትዮጵያውያን የቀሩት ግን የተፈቱት ከዚያ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ነው። ጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታ አሌ አፋፍ አምስት ጎብኚዎች ተገደሉ፤ ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኢትዮጵያውያን ተጠልፈው ተወሰዱ። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ እዚያው በጥይት ሞተ። ዓለም የሚያስታውሰው የጎብኚዎቹን ሞት ነው፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አደጋዎች በሁለቱ አደጋውን ያልመረጡ፣ ለእንጀራቸው የወጡ የአገር ልጆች አብረው ተይዘዋል። አልቫሬዝ በጻፈው ገበያ ቢሆን ይህ በዋጋው ላይ ይታይ ነበር። በጉዞ ጥቅሉ ዋጋ ላይ ግን አይታይም።

ሰው የሠራው አደጋ በጥበቃ ሊቀንስ ይችላል፤ ተራራው ራሱ ግን አጃቢ አይፈራም። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ዳሎል ላይ በእንፋሎት ፍንዳታ 30 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጉድጓድ ተከፍቷል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ በደብሀሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ሥንጥቅ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተስፋፋ። ጥር 2009 ዓ.ም. የኤርታ አሌ ሐይቅ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ጎብኚ ሲቆምበት የነበረው አፋፍም ተለወጠ። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራራው አመድ እየተፋ ፈነዳ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያው በኤርታ አሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ሐይሊ ጉቢ፣ በ12 ሺህ ዓመት ውስጥ መፈንዳቱ ተመዝግቦ የማያውቀው ተራራ፣ ድንገት ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንን፣ ኦማንን አልፎ ሕንድ ሰማይ ደረሰ፤ አየር መንገዶችም በረራ ሰረዙ። በተራራው አቅራቢያ ባለችው በአፍዴራ የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ፤ ወደ ረባዳው ሊወርዱ የተዘጋጁ ጎብኚዎችና መሪዎቻቸውም መንቀሳቀስ አቅቷቸው እዚያው ቀሩ። ሰው አለመሞቱ የዕድል ጉዳይ ነበር፤ የዝግጅት ውጤት አልነበረም።

አንዳንዶች እንዲህ ሲሉ ይሞግታሉ፦ አዋቂ ሰው በገዛ ሕይወቱ የመወሰን መብት አለው፤ ሰው ኤቨረስት እንደሚወጣ ሁሉ ኤርታ አሌም ይውጣ። መብቱ እውነት ነው፤ መብት ግን በዕውቀት ላይ ይቆማል። ኒውዚላንድ ውስጥ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዋካሪ ደሴት ሲፈነዳ 47 ሰዎች በላዩ ነበሩ፤ 22ቱ ሞቱ። የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከሳምንታት በፊት ከፍ ብሎ ነበር፤ ጉብኝቱ ግን አልቆመም። ጃፓን ውስጥ መስከረም 2007 ዓ.ም. ኦንታኬ ተራራ የ63 ሰዎችን ሕይወት ሲቀጥፍ ደግሞ ማስጠንቀቂያው በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ነበር። መሣሪያ በበዛባቸው አገሮች እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ተራሮች ያለማቋረጥ በማይለኩበት በአፋር ያለው ጎብኚ ምን አውቆ ይወስናል? ሌሎች ደግሞ ቱሪዝሙ ለአፋር እንጀራ ነውና ተዉት ይላሉ። ይህ ሙግት ከበድ ይላል፤ ግመል ነጂው፣ መሪውና ጠባቂው የሚያድሩበት ገቢ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራቸው ከሆነ የአደጋው ድርሻም በደመወዛቸው፣ በመድኃኒታቸውና በቤተሰባቸው ዋስትና መታየት ይገባዋል። አንድ ጥቃት ወይም አንድ ፍንዳታ መንገዱን ሲዘጋው ቀድሞ የሚራበው ያው ሰው ነው።

የጨው ንግዱን አሳመርከው የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያ መንገድም ሰው በልቷል፤ የቆራጩ ድካምም ከሚከፈለው ጋር እኩል አልነበረም። የጥንቱን ግፍ መመለስ የሚፈልግ የለም። መጠበቅ ያለበት የንግዱ መሠረት ነው። ምድሩን የሚያውቀው ሰው አትውረዱ ሲል ሲራራው ይቆም ነበር። ያ ቃል ዛሬ የማነው? ጎብኚው የበረራ ትኬቱን ቆርጧል፤ አስጎብኚው ገንዘቡን ተቀብሏል፤ የአፋሩ መሪ ተራራው ዛሬ ተለውጧል ቢል ቃሉ ጉዞ የማስቆም ሥልጣን የለውም።

ስለዚህ የሚበጀው መዝጋት ሳይሆን ሥርዓት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች የሚከታተሉት የምድር መንቀጥቀጥ መረጃ ለአፋሩ መሪ በቋንቋው ይድረሰው። መሪው ጉዞ የማስቆም መብት ይኑረው፤ ስላስቆመም ደመወዙ አይቀነስበት። እያንዳንዱ አስጎብኚ ድርጅት ለሠራተኛውም ለጎብኚውም እኩል ዋስትና ይግባ፤ ባለፉት ዓመታት የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ከመነሻው ይንገር። ጉዞው ውድ ይሆናል የሚል ካለ አዎን፣ ይወደዳል። አሞሌም ሰቆጣ ሲደርስ ውድ ነበር። የዋግ ሰው ግን የከፈለው ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ወደ ኤርታ አሌ የሚወርደውም ይህን ያህል ማወቅ ይገባዋል።