የጣሪያን ቅርጽ በመለወጥ ቆጥ ወይም ተጨማሪ ክፍል መሥራት፦ በየካ ክፍለ ከተማ ለሚገኙ ባለይዞታዎች የቀረበ መረጃ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከቀበናና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንሥቶ እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ፣ በርካታ መኖሪያ ቤቶች በጠባብ ይዞታ ላይ የተሠሩ ናቸው። ወደ ጎን ማስፋት በማይቻልበት ጊዜ ባለይዞታዎች ጣሪያውን ከፍ በማድረግ፣ በኮርኒሱና በክዳኑ መካከል ያለውን ቦታ ወደ መኝታ ክፍል ለመለወጥ ያስባሉ። ይህ ተግባር የጣሪያ ጥገና ሳይሆን የሕንፃ ማሻሻያ ነው። በመሆኑም ቆርቆሮው ከመነሣቱ በፊት የቤቱ አቅም መመርመርና የግንባታ ፈቃድ መገኘት ይኖርበታል።

የሕግ መሠረት

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን ማሻሻልንም በፈቃድ እንዲከናወን ደንግጓል። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» በሚል በሦስት ምድብ የከፈለ ሲሆን፣ ለምደባው ከተጠቀመባቸው መለኪያዎች መካከል የፎቅ ብዛት፣ በተሸካሚ አካላት መካከል ያለው የ7 ሜትር ርቀትና ከመሬት በላይ ያለው የ12 ሜትር ከፍታ ይገኙበታል። ተጨማሪ ወለል የቤቱን ምድብ ሊለውጥ ስለሚችል፣ ባለይዞታው በማመልከቻው ወቅት በሥራ ላይ ያለውን ሕግና መመሪያ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

የቤቱ የመሸከም አቅም

የኮርኒስ እንጨት የሚሸከመው ኮርኒሱን እንጂ ሰውና አልጋን አይደለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋው አግዳሚ እንጨት ወራጆቹ ግድግዳውን ወደ ውጭ እንዳይገፉ የሚይዝ በመሆኑ፣ ለመተላለፊያ ሲባል ቢቆረጥ ግድግዳው ሊከፈት ይችላል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ተጨማሪ ወለል እንዲሸከም አይታሰብም፤ ለዚህ የራሱ መሠረትና ዓምድ ሊሠራለት ይገባል። በተዳፋት ላይ በተሠራ ቤት የመሠረቱ ሁኔታም መፈተሽ አለበት።

ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከላይ የሚጨመር ክብደት በንዝረት ጊዜ በግድግዳ ላይ የሚደርሰውን ጫና ስለሚያበዛ፣ የምህንድስና ስሌቱ ይህንን ማካተት አለበት።

ዝናብ፣ ብርድና ጭስ

በእንጦጦ ግርጌ ክረምቱ ከባድ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊትም ብርዳማ ነው። የአዲሱ ክዳን ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ ሆኖ መሠራት አለበት። በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል ሙቀትንና ብርድን የሚከላከል ንጣፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የጭስ ጉዳይ ነው። ከታች የሚነድ የከሰል ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በቆጥ ላይ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ክፍሉ የሚከፈት መስኮትና ቋሚ ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ በቤት ውስጥም ከሰል ማንደድ አይገባም።

ልዩ ሁኔታዎች

በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ቤቱን ከሚያስተዳድረው አካል የጽሑፍ ስምምነት ሳያገኝ ጣሪያውን መለወጥ አይችልም። በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጣሪያው በመርህ ደረጃ የነዋሪዎች የጋራ ንብረት በመሆኑ፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻውን ሊወስንበት አይችልም። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥበቃ አካል ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቃል።

የማመልከቻ ቅደም ተከተል

1. የይዞታ ማረጋገጫ ካርታንና የነባሩን ቤት ፕላን ማዘጋጀት፤
2. ቤቱን ፈቃድ ባለው ባለሙያ ማስመርመር፤
3. የማሻሻያውን የአርክቴክቸርና የስትራክቸር ፕላን ማሠራት፤
4. ሰነዶቹን ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ማቅረብ፤
5. ፈቃዱ በጽሑፍ ከተሰጠ በኋላ፣ የሚቻል ከሆነ ከክረምት በፊት በሚጠናቀቅበት ጊዜ ሥራውን መጀመር።

ምርመራው ቤቱ ተጨማሪ ወለል እንደማይሸከም ካሳየ፣ ባለይዞታው መሠረቱንና ዓምዱን ለማጠናከር ወይም ቤቱን እንደገና ለመሥራት የሚያስችለውን አማራጭ ከባለሙያው ጋር ሊመክርበት ይገባል።