«ቲቸር፣ ፓንክረስት የአባታቸው ስም ነው?»

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ገብቷል፤ ጋቢያችሁን ደረብ አድርጋችሁ አንብቡት። ክፍል ውስጥ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ እሱን ለማረም ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እያስተማርኩ፣ ስለ አንኮበር ገበያና ስለ ውጭ እንግዶች ስናወራ፣ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። መጽሐፋቸውን ላይብረሪ ገብታችሁ ፈልጉ ለማለት ነበር። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፓንክረስት የአባታቸው ስም ነው?» አለኝ።

እኔም ሳላስብ «አዎ! ፈረንጅ እኮ የአባቱን የቤተሰብ ስም ነው የሚይዘው» ብዬ አለፍኩት። ልጁም «እሺ» ብሎ ተቀመጠ።

ማታ ቤት ገብቼ ራት እየበላሁ ነው ትዝ ያለኝ። ፓንክረስት የአባታቸው ስም አይደለም። የእናታቸው ነው።

እንግዲህ ከሥሩ እንጀምር። እንግሊዞች ድሮ ልክ እንደኛ አንድ ስም ብቻ ነበራቸው። የቤተሰብ ስም የሚባለው ነገር ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሪቱን ከያዙ በኋላ ቀስ በቀስ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ባላባቱ ዘንድ፣ ከዚያ ተራው ሕዝብ ዘንድ። እስከ 1400 ገደማ ድረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። ስሞቹ ከየት መጡ ብትሉ፣ የኛው የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ፈረንጆች መቁጠር ይበቃል። መቅደላ ላይ የዘመተው ናፒየር የሚለው ስም ከሙያ የመጣ ነው፤ ለጌቶች የገበታ ጨርቅ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ያ አፄ ቴዎድሮስ ያሰሩት ቆንስል ካሜሮን ደሞ በስኮትላንድ ቋንቋ «ጠማማ አፍንጫ» ማለት ነው ይባላል፤ ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ሁሌም ይሳቃል። ሙሎ ላይ እርሻ የነበራቸው፣ በአርበኞች ዘመን ጎጃም የገቡት፣ አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራው ሳንፎርድ ደሞ የቦታ ስም ነው። «የአሸዋ መልካ» ማለት ነው፤ አሸዋማ የወንዝ መሻገሪያ።

የኛ የአንኮበሩ እንግዳስ? ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤና ስጦታ ይዞ መጥቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንጎለላ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተፈራረመው ማለቴ ነው። ሃሪስ ማለት «የሃሪ ልጅ» ማለት ነው። በቃ፣ የአባት ስም ነው! ልዩነቱ የሃሪስ አባት ሃሪ አለመባሉ ነው። ከመቶ ዓመታት በፊት ሃሪ የሚባል አንድ አያት ነበር፣ ልጁ የሃሪ ልጅ ተባለ፣ የልጅ ልጁም የሃሪ ልጅ ተባለ፣ ስሙ እዚያው ደርቆ ቀረ። ከፊቱ የተቀመጡት ንጉሥ ግን ሣህለ ሥላሴ ወሰን ሰገድ ናቸው። አባታቸው ወሰን ሰገድ አስፋ ወሰን። እሳቸው ደሞ አስፋ ወሰን አምሃ ኢየሱስ። በእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንድ ስም ከኋላ ይወጣል። የኛ ስም ይሄዳል፣ የነሱ ይቆማል።

ለምን አንዳንዱ ስም በዝቶ ሌላው እንደ ብርቅ ይታያል? እንግሊዝ ውስጥ በጣም የበዛው ስም ስሚዝ ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት። በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ስለነበረ በየመንደሩ አንድ የስሚዝ ቤተሰብ ተፈጠረ። (እኛ ዘንድ ቢሆን ማን ደፍሮ ይዞት ይዞራል? ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው ስንሰድበው ነው የኖርነው። ይሄ ሌላ ቀን ራሱን ችሎ ይጻፋል።) ከአንድ ትንሽ ቦታ የመጣ ስም ግን ከአንድ ከሁለት ቤት አያልፍም። ወፍ ዋሻ ጫካ ዳር የሚኖር አንድ ገበሬ ቤተሰቡ ሁሉ «ወፍ ዋሻ» ቢባል ስንት ሰው ይኖረዋል? እንደዚያ ነው። ደሞ በነሱ ሥርዓት ሴት ልጅ ስታገባ ስሟን ትጥላለች። ስለዚህ ወንድ ልጅ ያልወለደ ቤት ስሙ ይጠፋል። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ይሄ ጉዳይ አሳስቦት፣ ስሞች እንዴት እንደሚጠፉ ዋትሰን ከሚባል የሒሳብ ሰው ጋር እስከ ማስላት ደርሷል።

ፓንክረስት ከነዚያ ብርቅ ስሞች አንዱ ነው። መነሻው ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሰሴክስና ኬንት አካባቢ ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኸርስት» በድሮው እንግሊዝኛ ጫካ ያለበት ኮረብታ ማለት ናት፤ ስለዚህ የቦታ ስም ነው የሚሉ አሉ። ሌሎች ደሞ የለም፣ ከበዓለ ጰንጠቆስጤ የመጣ ነው፣ በዚያ ቀን ለተወለደ ልጅ ይወጣ የነበረ ስም በአፍ ሲዞር ተለውጦ ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛው ደስ ይለኛል፤ እኛም በበዓል ቀን የተወለደን ልጅ እንደዚያ ነው የምንሰይመው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት የሚባል የማንችስተር ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1879 ኤመሊን ጉልደንን አገባ። እሷም እንደ ሀገሯ ልማድ ጉልደንን ትታ ፓንክረስት ሆነች። ለሴቶች የምርጫ መብት የታገለችው፣ በተደጋጋሚ የታሰረችው ኤመሊን ፓንክረስት ማለት እሷ ናት። ስሙን ዓለም ያወቀው በባለቤቱ ሳይሆን በሚስቱ ነው። አምስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱ ወንዶች ነበሩ፤ አንደኛው ፍራንክ በሕፃንነቱ ሞተ፣ ሁለተኛው ሃሪ እ.ኤ.አ. በ1910 በ20 ዓመቱ ሞተ። ቀሪዎቹ ሦስት ሴቶች ናቸው። ትልቋ ክሪስታቤል ሳታገባ ኖረች። ትንሿ አዴላ አውስትራሊያ ሄዳ ዋልሽ የሚባል ሰው አገባች፤ ልጆቿ ዋልሽ ሆኑ። በጋልተን ሒሳብ ከሄድን የዚህ ቤት ስም እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው።

የቀሩት መካከለኛዋ ናቸው። ሲልቪያ።

ሲልቪያ ፓንክረስትን እኛ የምናውቃቸው ጣልያን ሲወረን ከጎናችን በመቆማቸው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1936፣ አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞን፣ ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ጋዜጣ ጀመሩ፤ ለዓመታትም አላቋረጡም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ትግል ነበራቸው። ሲልቪዮ ኮሪዮ ከሚባል ጣልያናዊ ስደተኛ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ሰውየው ጋዜጠኛና አታሚ፣ ፋሺዝምን አጥብቆ የሚጠላ ነው። አልተጋቡም። ሲልቪያ በጋብቻ ስሜን አልለውጥም፣ ለባል አልገዛም ባይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1927፣ በ45 ዓመታቸው፣ ወንድ ልጅ ወለዱ። ስሙን ሪቻርድ አሉት፤ በአያቱ። የቤተሰብ ስሙን ደሞ ፓንክረስት አሉት፤ በራሳቸው።

ወሬው እንግሊዝን አናወጠ። ያለ ጋብቻ መውለድ በዚያ ዘመን ቀላል ነውር አልነበረም። ለሴቶች መብት እስር ቤት የገባችው እናታቸው ኤመሊን እንኳ ይህን መቀበል አቃታት፤ በተከታዩ ዓመት ሰኔ ላይ ከልጇ ጋር ሳትታረቅ ሞተች። ይህን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ሴትየዋ ለመላው የእንግሊዝ ሴት ስትታገል ኖራ የራሷ የልጅ ልጅ የማን ስም ይያዝ የሚለው ላይ ተሸነፈች። ሰው ነን።

አስቡት እስቲ፣ ሲልቪያ እንደ ወጉ አግብተው ቢሆን ኖሮ የኛ ታሪክ ጸሐፊ «ፕሮፌሰር ሪቻርድ ኮሪዮ» ይባሉ ነበር። ከወረራው በኋላ አዲስ አበባ ላይ የጣልያን ስም ይዞ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ማስተማር! አባትየው ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ሰው ስሙን ሰምቶ ነው መጀመሪያ የሚፈርደው።

እናትና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ አበባ መጡ። ልጁ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ሲልቪያ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. አረፉ፤ የመስቀል ዕለት ማለት ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አርበኞች ባረፉበት ነው የተቀበሩት። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድም የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ብዙ ደክመው፣ ሲመለስም አይተው፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ አረፉ። ልጆቻቸው አሉላና ሔለን ይባላሉ። አሉላ፣ በራስ አሉላ። አሉላ ፓንክረስት! የሰሴክስ ኮረብታ ከአባ ነጋ ስም ጋር አብሮ ተቀመጠ። የነዚያ የለንደን እሳት ሴቶች ስም በልጅ ልጅ የቀጠለው በዚህ በአዲስ አበባው ቤት በኩል ነው።

በኛ ሥርዓት ሴት ልጅ አግብታ ስሟን አትጥልም። እናቴ አባቴን አግብታ ከ30 ዓመት በላይ ስትኖር አንድም ቀን በሱ ስም ተጠርታ አታውቅም፤ እስከ ዛሬ የአባቷ ልጅ ናት። ሲልቪያ እንደ ተአምር የታገሉለት ነገር ለእናቴ ተራ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሁሉም ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኑረው ብሎ ነበር። ሕዝቡ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።) ግን ይሄው ነገር ፈተናም አለው። ወንድሜ ውጭ አገር ሄዶ እናታችንን ሊወስዳት ወረቀት ሲጨርስ፣ አንድ ቢሮ «እናት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው እንዴት ነው?» ብሎ ጉዳዩን ለወራት ያዘው። ማብራሪያ ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ገጽ፣ ከነምሳሌው። የወንድሜ ልጆች ደሞ የቤተሰብ ስማቸው የአባታችን ስም ሆኗል። የኔ ልጅ በኔ ስም ትጠራለች፣ የሱ ልጆች በአያታቸው። ወንድሜ ከራሱ ልጆች ስም ውስጥ የለም። እናቴ ይህን ስትሰማ «ታዲያ እሱን የት ጣሉት?» ነው ያለችው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እናንተም አትገምቱ።

በዚያው ሰሞን ሮስተር ስሞላ ሙሉ ስም እስከ አያት ያስፈልግ ነበር። የሱን ስም ሳይ የሆነ ነገር ታወሰኝ። የወላጅ ስብሰባ ቀን አንዲት ሴት መጥታ ስሟን ስትነግረኝ የአባቷ ስም ከልጁ የአባት ስም ጋር አንድ ስለነበረ «እህቱ ነሽ?» ብያት ነበር። ዝም አለችና «እናቱ ነኝ» አለችኝ። አባቱ ስላልተቀበለው በናቱ አባት ስም ነው ትምህርት ቤት የገባው። በወረቀት ላይ እናትና ልጅ እህትና ወንድም ናቸው ማለት ነው። እንደዚህ ያሉ ልጆች በየክፍሉ አሉ፤ መምህራን የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ስም ሲጠራና «እስከ አያት» ሲባል አንገታቸውን ይደፋሉ።

ያ ጥያቄ ታዲያ ለኔ ስለ ፈረንጅ ስም ነበር የመሰለኝ።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ፣ ማንንም ሳላይ፣ «ትናንት ተሳስቻለሁ» አልኩ። ፓንክረስት የእናታቸው ስም እንደሆነ፣ እናትየው ማን እንደነበሩ፣ ሥላሴ የት እንደተቀበሩ አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ክፍሉ እንደ ልማዱ ይንጫጫል። ደወል ተደውሎ ሲወጡ ልጁ ወደኋላ ቀረና ጠረጴዛዬ ጋ መጣ።

«ልጆቻቸውም በሷ ስም ናቸው?»

«አዎ።»

«አሉላም?»

«አሉላም።»

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

በሉ እንግዲህ፣ ከቻላችሁ ኮሜንት ላይ የአያቶቻችሁን ስም እስከምታውቁት ጻፉልኝ፤ በእናትም በአባትም። እኔ በአባቴ ሰባት፣ በእናቴ አምስት ደርሻለሁ። ቀሪዎቹን ሁለት መንዝ ያለች አክስቴ ታውቃለች፤ ለጥምቀት ስሄድ እጠይቃታለሁ።