«ብሪደን ኦን ዘ ሂል»፤ ሦስት ጊዜ የተነገረ ኮረብታ

በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተርሺር ሰሜን ምዕራብ ክፍል፣ ከሜዳው መካከል ብቅ ያለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ አለ። በዐናቱ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል፤ ከግርጌው ያለው መንደር «ብሪደን ኦን ዘ ሂል» ይባላል። የስሙ መጨረሻ «በኮረብታው ላይ» ማለት መሆኑ ግልጽ ነው። «ብሪደን» የሚለው ግን ለዛሬው እንግሊዛዊ የተጸውዖ ስም ብቻ ነው።

የዛሬውን አጻጻፍ ብቻ የተመለከተ ሰው ስሙን «ብሪድ»፣ ማለትም «አረባ» ከሚለው ግስ ጋር ሊያዛምደው ይቃጣ ይሆናል። የቀድሞው መረጃ ግን ይህን አይፈቅድም። መነኩሴው ቤዳ እ.ኤ.አ. በ731 በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ በዚያው ዓመት የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ታትዊን ቀድሞ «ብሪኡዱን» በሚባል ገዳም ካህን እንደ ነበረ ጽፏል። ታትዊን ራሱም የላቲን ሰዋስው ደራሲ ነበር።

ይህ ጥንታዊ መልክ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «ብሬ» ሲሆን የዌልስ ቋንቋ ከተወለደበት ከብሪቶናዊው ቋንቋ የመጣ ነው፤ ፍቺውም ኮረብታ ነው። ሁለተኛው «ዱን» የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ፍቺው እንደዚሁ ኮረብታ ነው። በዎርስተርሺር ያለው «ብሬደን» ከእነዚሁ ከሁለቱ ቃላት፣ በበኪንግሃምሺር ያለው «ብሪል» ደግሞ ከ«ብሬ» እና ከ«ሂል» የተገኙ መሆናቸው ፍቺውን ያጸናዋል።

አንግሎ ሳክሶኖች «ብሬ»ን የሰሙት ከነባሩ ሕዝብ አፍ ነው፤ ቃሉን እንደ ስም እንጂ እንደ ፍቺ ስላልተቀበሉት «ዱን»ን ጨመሩበት። ውሎ አድሮ «ዱን» ጥብቀት በማይወድቅበት ቀለም ላይ ስለዋለ ድምፁ ደከመ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጨርሶ አልጠፋም፤ «ከኮረብታው» ከሚለው ጥንታዊ ሐረግ «ወደ ታች» የሚል ፍቺ ያለው «ዳውን» ወጥቷል። በስሙ ውስጥ ግን ፍቺው ስለተረሳ «ኦን ዘ ሂል» ታከለበት።

ከዚህ ለተርጓሚ የሚተርፍ ትምህርት አለ። የስም አመጣጥ ሌላ፣ የስም አገልግሎት ሌላ ነው። ድግግሞሹ የሚታየው ለመርማሪው እንጂ ለተናጋሪው አይደለምና፣ «የብሪደን ኮረብታ» ብሎ የሚጽፍ አማርኛ ተርጓሚ አልተሳሳተም። የሚሳሳተው ስሙን ፈትቶ «ኮረብታ ኮረብታ» የሚል ነው፤ ያ ተርጓሚ መንደሩን ከካርታው ላይ ያጠፋዋል። ስለዚህ ስሙ በድምፁ ይጻፍ፤ አመጣጡም በመዝገበ ቃላቱ ማብራሪያ ውስጥ ቦታውን ይያዝ።