የማይነሣው ላፕቶፕና በውስጡ የተኛው ጽሑፍ

አሮጌ ላፕቶፕ በብዙ ቤት ይገኛል። ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ማብሪያው ሲጫን ድምፅ አያሰማም፣ ስክሪኑም አይበራም። ባለቤቱም «ሞቷል» ብሎ ትቶታል። የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ ላስተዋለ ግን አለመነሣትና መሞት ለየቅል ናቸው። ማሽን የሚታመመው በተሠራበት ዘመን ዕቃና ዘዴ መሠረት ስለሆነ፣ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ዘመኑን መጠየቅ ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ሲጀመር ስሙና ግብሩ እምብዛም አልተገናኙም ነበር። በ1981 ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ያህል፣ ስክሪኑ ደግሞ 5 ኢንች ብቻ ነበር። ትልቁን ለውጥ ካመጡት አንዱ ቶሺባ በ1985 በቅድሚያ በአውሮፓ የሸጠው ቲ1100 ነው። ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ስክሪኑ ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ኃይሉንም በውስጡ ከተቀመጠ ባትሪ ያገኝ ነበር። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም በ2013 ይህን ማሽን በሙያው ታሪክ ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ መዝግቦታል። ኩባንያው ራሱ ግን በ2020 ከላፕቶፕ ሥራ ፈጽሞ ወጥቷል። ስለዚህ የእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ዕጣ በያዟቸው ሰዎች እጅ ቀርቷል።

ላፕቶፕን ከሶኬት ያላቀቀው ባትሪ፣ ከዓመታት በኋላ ዋነኛ ጠላቱ ሆነ። የዚያ ዘመን የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ሲያረጅ ያፈሳል፤ የሚወጣው ፈሳሽም የሰሌዳውን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይበላል። ሰዓቱን ለመጠበቅ በሰሌዳው ላይ የተበየደው ትንሽ ባትሪም ያንኑ ያደርጋል። እንግዲህ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ የመጀመሪያው ሕግ ማሽኑን ቶሎ ሶኬት ላይ አለመሰካት ነው። በቅድሚያ ባትሪዎቹ ይውጡ። አረንጓዴ ዝገት ከታየ፣ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በተነከረ ጥጥ በስሱ ይጠረግ፣ ቀጥሎም በንጹሕ አልኮል ይታጠብና በሚገባ ይድረቅ።

ሁለተኛው ምርመራ የቻርጀሩ ነው። በቴስተር ሲለካ የሚያሳየው ቮልት በማሽኑ ጀርባ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭም መረጋገጥ ይኖርበታል፤ በዚያ ዘመን ሁሉም አምራቾች አንድ ዓይነት አቀማመጥ አልተከተሉምና፣ መሰኪያው ገባ ማለት ኃይሉ ተስማማ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ማሽን ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሞቶ ይታያል። አፕል በ1989 ያወጣው ማኪንቶሽ ፖርተብል የመጀመሪያው ሞዴል፣ ባትሪው ከሞተ ቻርጀር ተሰክቶለትም አይነሣም።

ኃይሉ ደኅና ሆኖ ማሽኑ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ወደ ካፓሲተሮቹ ይዞራል። እነዚህ ኤሌክትሪክን ለአፍታ እያጠራቀሙ ፍሰቱን የሚያስተካክሉ ትንንሽ ጣሳ መሰል ክፍሎች ናቸው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ በሰሌዳ ላይ ተለጥፈው የተበየዱት በተለይ ፈሳሻቸውን በማፍሰስ ይታወቃሉ። ዙሪያቸው ይጠቁራል፤ መበየጃ ሲነካቸውም የዓሣ ሽታ የመሰለ ጠረን ይሰጣሉ። ሰሌዳው ተጠርጎ በአዲስ ሲተኩ፣ ለብዙ ዓመታት ዝም ያለ ማሽን ሊነሣ ይችላል።

ከተነሣ በኋላም ፈተናው አያበቃም። የሰዓት ባትሪው ሞቶ ከሆነ፣ በብዙ ሞዴሎች ማሽኑ የራሱን ሃርድ ዲስክ ዓይነት ይረሳና «ዲስክ የለም» ይላል፤ ይህ የመርሳት እንጂ የመጥፋት ምልክት አይደለም። ዓይነቱ እንደገና ሲሞላለት ዲስኩ ብቅ ሊል ይችላል። ዲስኩ ራሱ አንባቢ ክንዱ ከሳሕኑ ጋር ተጣብቆበት ሊሆን ስለሚችል ግን፣ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ሳይጠፋ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ ይገልበጥ።

ይህን ሁሉ ድካም በእኛ ዘንድ ተገቢ የሚያደርገው የፊደላችን ታሪክ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። የዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ኮድ ግን 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ግማሹን የላቲን ፊደልና ትእዛዛት ይዘውት ነበር። ስለዚህ የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሉን በየራሳቸው ብልሃት አደላደሉት። አንዱ «ለ»ን ባኖረበት ቦታ ሌላው «መ»ን ሊያኖር ይችል ነበር። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ345 ምልክቶች ያካተተው በ1999 በሦስተኛው እትሙ ነው። ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ቀረበ።

ከዚያ በፊት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ግጥም፣ የጋዜጣ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ታሪክ በዛሬ ኮምፒዩተር ላይ ቢከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ቃሉ አልጠፋም፤ መፍቻው ግን በአሮጌው ማሽን ውስጥ የተጫነው ፎንትና ፕሮግራም ነው። ጽሑፉን ብቻ ገልብጦ ማሽኑን የጣለ፣ ሣጥኑን ወስዶ ቁልፉን እንደጣለ ይቆጠራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የአባትዎ ወይም የእኅትዎ አሮጌ ላፕቶፕ ቢኖር፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ከመስጠትዎ በፊት ባትሪውን አውጥተው በደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ ለሚያውቅ ባለሙያም ያሳዩት። ጽሑፉን፣ ፎንቱንና ፕሮግራሙን አንድ ላይ ያስገልብጡ። ብራናን ከምስጥና ከእርጥበት መጠበቅ የአባቶች ሥራ ነበር፤ ከባትሪ ፍሳሽ መጠበቅ ለእኛ ትውልድ የደረሰ ነው።